ባለፈው ያልነው የት ደረሰ?

ልጆቼ፣

በሶፍትዌር ሥራ ረጅም ዓመት አሳልፌያለሁ። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ግን ያበላሸሁት ኮድ ሳይሆን በከንቱ ያስኬድኳቸው የሬትሮስፔክቲቭ (ያለፈውን ሥራ መለስ ብሎ የመገምገሚያ) ስብሰባዎች ናቸው።

አንድ ቡድን ስመራ በየሁለት ሳምንቱ፣ ስፕሪንቱ (አጭሩ የሥራ ዙር) ሲያልቅ እንሰበሰብ ነበር። ምን ተሳካ፣ ምን አስቸገረ እያልን ሰሌዳውን በብጥስጣሽ ወረቀት ሞልተን እንበተናለን። አንዲት ወጣት ባልደረባችን ቴስቱ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ፕሮግራም) እጅግ እንደሚዘገይና ሰዉ ሳያስኬደው ኮድ እንደሚያስገባ ተናገረች። ሁላችንም ተስማማን። በቀጣዩ ደገመችው፤ አሁንም ተስማማን። ከሦስተኛው በኋላ ዝም አለች። ዓይን አፋር መስላኝ «ተጫወቺ እንጂ» እላት ነበር። ለካ መናገር ምንም እንደማይለውጥ ያስተማርናት እኛው ነን።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ የምከፍተው «ባለፈው እናደርጋለን ያልነው የት ደረሰ?» ብዬ ነው። ካልደረሰ አዲስ ቅሬታ አልሰበስብም፤ መጀመሪያ ምን እንዳስቀረው እንነጋገራለን። ብዙ ጊዜ ኃላፊነቱን የወሰደ ሰው አልነበረም፣ ወይም ከሥራ ዝርዝሩ አልገባም። «ኮድ ሪቪው (አንዱ የሌላውን ኮድ ማየት) ላይ እንበርታ» ብላችሁ ብትለያዩ፣ በርትታችሁ እንደሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ በምን ይታወቃል? «ማንኛውም ፑል ሪኩዌስት (ታይቶ እንዲገባ የቀረበ የኮድ ለውጥ) ሳይታይ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፣ የሚከታተለው እገሌ ነው» ብትሉ ግን ይታወቃል። እንዲህ ያለ ውሳኔ አንድ ይበቃል፤ ቢበዛ ሁለት። የስክረም (በስፕሪንት ከፋፍሎ የመሥራት ዘዴ) መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 እትሙ ቢያንስ አንድ ማሻሻያ በቀጣዩ ስፕሪንት ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ይጠይቅ ነበር፤ የ2020ው እትም ግዴታነቱን አስቀርቶታል። እኔ የ2017ቱን አልለቅም።

መሪ ከሆናችሁ መጨረሻ ተናገሩ። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው እሱን ወደ መደገፍ ይሄዳል። ስለዚህ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ለአምስት ደቂቃ በዝምታ ይጻፍ።

ብልሽት ሲደርስም «ዳታቤዙን (የመረጃ ማከማቻውን) ማን አጠፋው?» አትበሉ፤ ሰዉ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃችኋል። አንዲት ትእዛዝ ያለ ምንም ማረጋገጫ ይህን ያህል ጥፋት ማድረስ እንዴት ቻለች ብላችሁ ጠይቁ።

ለዚያች ባልደረባችን በመጨረሻ የቴስቱን ችግር እንድትፈታ ሁለት ቀን ሰጠናት። ዳታቤዝ የሚነኩትን ቴስቶች ለይታ ለብቻቸው እንዲሄዱ አደረገች። በቀጣዩ ሬትሮስፔክቲቭ ቀድማ የተናገረችው እሷ ነበረች፤ ስለ ሌላ ችግር።