ስለ ካናዳ የስኪ እረፍት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሱ ይኸው

የምኖረው ካልጋሪ ነው። ክረምቱ አላልቅ ሲል ቤት ተቀምጦ ከማማረር ብዬ ስኪ ጀመርኩ፤ አሁን ሰው ሁሉ ጉዞ ሲያስብ የሚደውለው ለእኔ ሆኗል። ከትዳር አጋራችሁ ጋር ሦስት አራት ሳምንት ካናዳ መጥታችሁ በረዶ ላይ ለመንሸራተት ያሰባችሁ ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር፣ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዋጋው በካናዳ ዶላር ነው፣ ዓመቱም የፈረንጅ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ነን። አንድ ወር እረፍት አለን። ዊስለር ይሻላል ወይስ ባንፍ?

አንድ ወር ካላችሁ ሁለቱንም። ግን ልዩነታቸውን እወቁ። ዊስለር ብላክኮምብ ከቫንኩቨር ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል። ሁለት ተራሮች ናቸው፣ መውረጃ መንገዱ ከ200 በላይ ነው፣ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ጎንዶላ (በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያጓጉዝ ሳጥን) ደግሞ መስመሩ 4.4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ መሀል ላይ ስትደርሱ ከሸለቆው 436 ሜትር ከፍ ብላችኋል፣ ከፍታ የሚፈራ ካላችሁ ዓይኑን ይጨፍን። መንደሩ ደማቅ ነው፣ ሁሉም ነገር በእግር ይደረስበታል። ችግሩ ውቅያኖሱ ቅርብ ስለሆነ አናት ላይ በረዶ ሲጥል ታች ዝናብ ሊያበሰብሳችሁ ይችላል።

ባንፍ ከካልጋሪ አየር ማረፊያ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በ1885 የተመሠረተ፣ የካናዳ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ኖርኬይ፣ ሰንሻይን ቪሌጅና ሌክ ሉዊዝ የሚባሉ ሦስት የስኪ ቦታዎች አሉት፣ ሦስቱንም በአንድ ቲኬት መጠቀም ይቻላል። በረዶው ደረቅና ቀላል ነው፣ ብርዱ ግን የምር ነው። ውበት ከፈለጋችሁ ባንፍ፣ ትልቅ ተራራና የማታ ጨዋታ ከፈለጋችሁ ዊስለር። እኔን አትመኑኝ፣ ለጎረቤቴ አዳላለሁ።

ጥያቄ፦ በአራት ሳምንት ሰባት ቦታ የምናዳርስበት ፕላን አውጥተናል። ብታይልን?

አየሁት። ሰባት ቦታ ማለት ወሩን ሙሉ ሻንጣ ስታስሩና ስትፈቱ መክረም ነው። የስኪ ዕቃ ደግሞ የዋዛ ሸክም አይደለም። ሦስት ይበቃችኋል፦ ባንፍ አሥር ቀን፣ ሬቨልስቶክ አንድ ሳምንት፣ የቀረውን ዊስለር፣ ከዚያ ከቫንኩቨር ወደ አገራችሁ። ሬቨልስቶክ ከአናቱ እስከ ታች 1,713 ሜትር ይወርዳል፣ በሰሜን አሜሪካ የስኪ ቦታዎች ከዚህ የበለጠ ቁልቁለት የለም። ትንሽ ከተማ ነች፣ ቀስ ያለች፣ እኔ እወዳታለሁ። ብቻ ጀማሪ ከሆናችሁ ዝለሏትና ባንፍን አርዝሙት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከባንፍ ወደ ሬቨልስቶክ ስትሄዱ ሮጀርስ ፓስ የሚባል የተራራ መተላለፊያ አለ። የበረዶ ናዳ ይበዛበታል። ስለዚህ የካናዳ ጦር እዚያ መድፍ ጠምዶ፣ አዎ እውነተኛ 105 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ የተከማቸውን በረዶ መኪና በሌለበት ሰዓት ሆን ብሎ እየተኮሰ ያወርደዋል። በዚያ ሰዓት መንገዱ ይዘጋል። አንዳንዴ ለሰዓታት፣ ሲብስ ከዚያም በላይ። በዚያው ቀን የማይሰረዝ ሆቴል ወይም የአውሮፕላን በረራ አትያዙ።

ጥያቄ፦ ቪዛስ? እኛ ዱባይ ነን፣ ፓስፖርታችን የኢትዮጵያ ነው። (ከእስራኤልና ከአሜሪካም ተጠይቋል)

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው በኦንላይን ነው፣ ክፍያው በሰው 100 ዶላር፣ አሻራና ፎቶ ደግሞ 85። ወራት አስቀድማችሁ ጀምሩ፣ ቪዛ ሳይመጣ የማይመለስ ክፍያ እንዳትከፍሉ። የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብና ወደ ኤምሬትስ እንደምትመለሱ የሚያሳይ ነገር ይኑራችሁ። የእስራኤል ወይም የእንግሊዝ ፓስፖርት ካላችሁ ቪዛ የለም፣ ኢቲኤ የሚባለውን የኦንላይን ፈቃድ በ7 ዶላር ታወጣላችሁ። የአሜሪካ ዜጋ ፓስፖርቱን ይዞ ይምጣ። ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ ካርዱንና ያላለፈበት የአገሩን ፓስፖርት ሁለቱንም ይያዝ፣ ኢቲኤ አይጠየቅም። በአሜሪካ በኩል ትራንዚት የምታደርጉ ግን የአሜሪካን ቪዛ ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ፣ እዚያ ትራንዚት ብቻ ነኝ ማለት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ መቼ እንምጣ?

ገና ሰሞንን እርሱት። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ የሊፍት (ወደ ተራራው አናት የሚያወጣው የገመድ ማጓጓዣ) ሰልፉም እንዲሁ። የእኛ ገና ካለፈ በኋላ ያለው ጃንዋሪ ይቀላል፣ ብርዱን ከቻላችሁት። ባንፍ በጃንዋሪ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ፌብሩዋሪ ጥሩ ነው፤ ብቻ ሦስተኛው ሰኞ አልበርታም (ባንፍ ያለበት ክፍለ ሀገር) ብሪቲሽ ኮሎምቢያም (ዊስለርና ሬቨልስቶክ ያሉበት) በዓል ነው፣ አሜሪካኖቹም በዚያው ቀን በዓል አላቸው፣ ስለዚህ ተራራው ይጨናነቃል። ለእኔ ምርጡ ማርች ነው። ቀኑ ረዘም ይላል፣ ፀሐይ አለ፣ በረዶውም ገና አለ። ሰንሻይን እንዲያውም እስከ ሜይ መጨረሻ ገደማ ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስኪ ይችላል፣ እኔ በረዶ ረግጬ አላውቅም። "እኔው አስተምርሻለሁ፣ ለአስተማሪ ምን ገንዘብ ታወጫለሽ" ይለኛል። ምን ትላለህ?

እህቴ፣ እሺ እንዳትይው።

ቀልድ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ባል ሚስቱን ሲያስተምር ያየሁት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። እሱ ታች ቆሞ "ጉልበትሽን እጠፊ! እጠፊ እንጂ!" ይላል፣ እሷ ላይ ቆማ ታለቅሳለች ወይም ትሰድበዋለች። መቻልና ማስተማር ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በቡድን ትምህርት ግቢ። እሱ በዚያ ጊዜ ጠዋት ብቻውን ወጥቶ የልቡን ያድርስ፣ ምሳ ላይ ተገናኙ፣ ከሰዓት አንቺ በቻልሽበት መንገድ አብራችሁ ውረዱ። ሌክ ሉዊዝን ለእንደ እናንተ ዓይነቱ የምመክረው ለዚህ ነው። ከብዙዎቹ ሊፍቶች አናት አረንጓዴ መንገድም ጥቁር መንገድም ይነሳል፣ አብራችሁ ወጥታችሁ በየመንገዳችሁ ወርዳችሁ ታች ትገናኛላችሁ።

ምልክቶቹን ለማታውቁ፦ አረንጓዴ ክብ ቀላል ነው፣ ሰማያዊ ካሬ መካከለኛ፣ ጥቁር ዳይመንድ ከባድ። ሁለት ጥቁር ዳይመንድ ካያችሁ ዞር በሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ጭራሽ መንሸራተት አልፈልግም። እሱን ብቻ ልሸኝ ነው የምመጣው። አንድ ወር ምን እሠራለሁ?

ዊስለር ላይ ትሰለቺያለሽ፣ ባንፍ ላይ አትሰለቺም። ተራራው ሥር የፍል ውሃ ገንዳ አለ፣ ከላይ በረዶ እየጣለብሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትቀመጫለሽ። ጆንስተን ካንየን ውስጥ የቀዘቀዘውን ፏፏቴ ለማየት በእግር ይኬዳል፣ ጫማሽ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ተከራዪ። የሌክ ሉዊዝ ሐይቅ ሲጋግር ላዩ ላይ ስኬቲንግ አለ። በውሻ የሚጎተት ጋሪም አለ። የከተማ አውቶቡስ ስላለም የእሱን መኪና አትጠብቂም።

ጥያቄ፦ ልብስና ጫማ ከዚህ ገዝተን እንምጣ ወይስ እዚያ?

ስኪውንና ቦቱን ተከራዩ። ጓንት፣ መነጽርና የውስጥ ልብስ የራሳችሁ ይሁን። ጥጥ አትልበሱ፣ ላብ ይይዝና ያንቀጠቅጣችኋል፤ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ይሁን። ካልሲ አንድ ብቻ፣ ስስ። ሁለት ደርበው እግራቸው የደነዘዘባቸው ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም ካልሲው ሲጠብ ደም አይዘዋወርም።

ቦቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእግር ጣታችሁ ጫፉን መንካት አለበት። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ወደፊት ስትደገፉ ጣታችሁ ትንሽ ወደኋላ ይመለሳል፣ ያኔ ልክ ነው። ተረከዛችሁ ከተነሳ ሰፊ ነው፣ ቀይሩት። ኪራይ ቤቱ ውስጥ አሥር ደቂቃ አድርጋችሁት ቁሙ፣ የሚያም ከሆነ እዚያው ያስታውቃል። ሰልፉ ረጅም ነው ብላችሁ አትፈሩ፣ ሳምንት ሙሉ የምትሰቃዩት እናንተ ናችሁ። ሄልሜት አይቀርም።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ስልሳን አልፈናል። ልጆቻችን ቫንኩቨር ናቸው፣ ዊስለር እንውሰዳችሁ ይሉናል። የተራራው ከፍታ አይጎዳንም? ጉልበትስ?

ጋሼ፣ ስለ ከፍታው አይስጉ። የዊስለር የመጨረሻው ሊፍት የሚደርሰው 2,284 ሜትር ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ከፍ ትላለች። ጉልበትዎ ግን ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው። ለእርስዎ የምመክረው ቁልቁለቱን ሳይሆን አገር አቋራጭ የሚባለውን ስኪ ነው። ሜዳ ሜዳውን በእርጋታ መሄድ ነው፣ ጉልበት ላይ አይከብድም፣ ኪራዩና ቲኬቱም በጣም ይረክሳል። ለ2010 ኦሎምፒክ የተሠራው የዊስለር ኦሎምፒክ ፓርክ ለሕዝብ ክፍት ነው። የእኛው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው እዚያ ነው። በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ዊስለር መጣ። "ሀበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው" ብላችሁ ለጻፋችሁልኝም መልሱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ለሁለት ሰው ወጪው ስንት ይሆናል?

ቁርጥ ያለ ቁጥር አልሰጥም፣ ገንዘቡ የሚፈስበትን ቀዳዳ ግን ልንገራችሁ። አንደኛ የሊፍት ቲኬት። ዊስለር በደራበት ቀን መስኮት ላይ ብትገዙ በሰው ከ200 ዶላር በላይ ነው። ረጅም የምትቆዩ ከሆነ ፓስ (ለብዙ ቀን የሚያገለግል ቲኬት) ግዙ፦ ለዊስለር ኤፒክ፣ ለባንፍና ለሬቨልስቶክ አይኮን። ሁለቱም ክረምቱ ሳይገባ ይረክሳሉ፣ ዲሴምበር ከገባ በኋላ ግን ሽያጩ ሊዘጋባችሁ ይችላል። አይኮን ባንፍ ላይ የቀን ገደብ ስላለው ቀኑን ቁጠሩ። ደግሞ ለወሩ ሁሉ ቀን አትክፈሉ። በሦስተኛው ቀን እግር አልታዘዝ ይላል፣ ሰው የሚጎዳውም ደክሞት "አንዴ ልውረድና ልጨርስ" ሲል ነው። በሳምንት አራት ቀን መንሸራተት ለአብዛኛው ባልና ሚስት ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛ ማደሪያ። ኩሽና ያለው ያዙ፣ ምክንያቱም የተራራ ላይ ምግብ ኪስ ያራግፋል። ዋጋ ስታዩ ታክስ ጨምሩ፣ ቲፕ ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ለመቆየት የፓርክ ፓስ አለ፤ ከሳምንት በላይ ከሆናችሁ የዓመቱ ይሻላችኋል።

ሦስተኛ ኢንሹራንስ፣ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። የካናዳ ነፃ ሕክምና ለነዋሪ እንጂ ለጎብኚ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ስኪ በግልጽ መሸፈኑን እዩ።

ጥያቄ፦ መኪና እንከራይ?

ባንፍ ወይም ዊስለር ብቻ ከሆናችሁ አያስፈልግም፣ ከአየር ማረፊያ አውቶቡስ አለ። መንገድ የምትጓዙ ከሆነ የክረምት ጎማ መኖሩን በጽሑፍ አረጋግጡ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ በአብዛኛው አውራ ጎዳና ግዴታ ነው። አልበርታ ግን ግዴታ ስላልሆነ ካልጋሪ የምትረከቡት መኪና ላይኖረው ይችላል። በረዶ ላይ ነድታችሁ የማታውቁ ሌላ ሰው ይንዳ።

ጥያቄ፦ ከተከለለው መንገድ ውጪ ዛፍ ዛፉን መውረድ እንፈልጋለን፣ ሁለታችንም ጎበዝ ነን። አደጋው ምንድን ነው?

ናዳውን ሁሉም ያውቃል። ጎበዞችን የሚያታልለው ሌላ ነው። ብዙ በረዶ ሲጥል ከጽዱ ቅርንጫፍ ሥር፣ ግንዱ ዙሪያ፣ ያልተጠቀጠቀ ጉድጓድ ይቀራል። ከላይ አይታይም። ሰው በጭንቅላቱ ከገባበት በራሱ መውጣት እጅግ ከባድ ነው፣ በረዶውም ያፍነዋል። በስኪ ቦታው ክልል ውስጥም ያጋጥማል። ስለዚህ ዛፍ ውስጥ ስትገቡ አንዳችሁ ከሌላው ዓይን አትጥፉ፣ ፊሽካ አንገታችሁ ላይ ይሁን፣ የዱላውን ማሰሪያ ከእጃችሁ አውልቁ። ከክልሉ ውጪ ደግሞ የናዳ መፈለጊያ መሣሪያ፣ አካፋና መውጊያ ዘንግ ሳይዝ፣ አቫላንች ካናዳ የሚባለው የበረዶ ናዳ ድርጅት የሚያወጣውን የዕለት ማስጠንቀቂያ ሳያነብ፣ ስልጠና ሳይወስድ የሚወጣ ሰው ጎበዝ አይባልም። አስጎብኚ ቅጠሩ።

ጥያቄ፦ ማርች ከመጣን ዐቢይ ጾም ነው። ምን እንበላለን? ሽሮ ይዘን መግባትስ ይቻላል?

ካልጋሪ ላይ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩ ሞልቷል። ወደ ባንፍ ከመውጣታችሁ በፊት ሱቅ ግቡና እንጀራ ገዝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ተራራው ላይ ለጾመኛ የሚገኘው ድንች ጥብስና ሰላጣ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለሚንሸራተት ሰው አያጠግብም፤ በሶ በጥብጣችሁ ብትይዙ ይሻላል። ከውጪ የምታመጡትን ምግብ በሙሉ ድንበር ላይ አስታውቁ፣ ደረቅ ሽሮና በርበሬ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፣ የሚያስቀጣው መደበቅ ነው። ለፋሲካ ብላችሁ ቋንጣና ቅቤ እንዳትጭኑ፣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ላይ ጥብቅ ናቸው።