መጀመሪያ መሳያ ድንጋዩን ግዛ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁምሳጥን እሠራለሁ። በሚቀጥለው ወር ለካይዘን ሥልጠና ሦስት ሳምንት ጃፓን እሄዳለሁ። ቶኪዮ አንድ ቅዳሜ ነፃ ነኝ፣ እና የባህላዊ አናጺ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ሳልገባ አልመለስም ብያለሁ። ገንዘቤ ብዙ አይደለም። ምን ልግዛ? መላጊያቸውን በቪዲዮ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።
ከ. መ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ልቤ ሲመታ ነበርና ስሜትህ ይገባኛል።

የገባሁበት ሱቅ ጠባብ ነበር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መሳቢያ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ በአስተርጓሚ መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን እንደምገዛ ሳይሆን ምን ዓይነት እንጨት እንደምሠራ ነው። መሮ ማየት እፈልጋለሁ ስላቸው አንዱን ከወረቀቱ ፈትተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉልኝ። ስለቱ ላይ ሁለት ቀለም አለ። ጫፉ እንደ መስታወት ያበራል፣ ከሱ በላይ ያለው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ መሃላቸው እንደ ጸጉር የቀጠነ መስመር ይሄዳል።

የሚያበራው ሃጋኔ የሚሉት ጠንካራ ብረት ነው። የደበዘዘው ጂጋኔ ይባላል፣ ለስላሳው ነው። በእሳት ተቀጥቅጠው አንድ የሆኑ ናቸው። መሮው በሙሉ ጠንካራ ቢሆን ለመሳል ፍዳህን ታይ ነበር፣ ሲመታም በቀላሉ ይሰበር ነበር፤ ለስላሳው ብረት ተሸክሞ ያኖረዋል። ጀርባውን ሲገለብጡት ደግሞ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። ድንጋይ ላይ ስታስተኛው ዳር ዳሩ ብቻ ስለሚነካ ጀርባውን ለጥ ማድረግ ብዙ አያደክምም።

ይህን ሁሉ የማወራህ ለምን መሰለህ? ዕቃው በሙሉ የተሠራው ባለቤቱ በየጊዜው ድንጋይ ላይ እንዲስለው ታስቦ ነው። መሳል ካልቻልክ በሁለት ሳምንት ከገበያ ከገዛኸው መሮ አይሻልም። ስለዚህ ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ መጀመሪያ መሳያ ድንጋይ ግዛ። ቶይሺ በላቸው። ቁጥሩ የድንጋዩን ልስላሴ ይነግርሃል፣ ከፍ ሲል ይለሰልሳል፤ 1000 የግድ ነው፣ ከተረፈህ 6000 ጨምር። ድንጋዩ በውሃ ነው የሚሠራው፣ ዘይት እንዳታስነካው። መሮውንም ግራይንደር ላይ እንዳታስጠጋ፤ ጫፉ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው።

ቀጥሎ መጋዝ። ሪዮባ የሚባለው በሁለቱም በኩል ጥርስ አለው፣ አንዱ እንጨቱን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ፣ ሌላው አግድም ለመቁረጥ። 240 ሚሊ ሜትሩ ለአንተ ሥራ ይበቃል። የሚቆርጠው ወደ ራስህ ስትስበው ነው። ገመድ ስትስበው ይወጠራል፣ ስትገፋው ይታጠፋል አይደል? መጋዙም እንደዚያው ነው፣ በመሳብ ስለሚሠራ ምላጩን በጣም ማቅጠን ይቻላል፣ ቀጭን ምላጭ ደግሞ ሰጋቱራው ትንሽ፣ ድካሙም ትንሽ ነው። ምላጩ የሚቀየረውን ዓይነት ምረጥ፣ ካኤባ ካልካቸው ይገባቸዋል፣ አንድ መለዋወጫም ያዝ። በእጅ የተሠራውን ውድ መጋዝ ለጊዜው ተወው። እሱን የሚስሉ ራሳቸውን የቻሉ ባለሙያዎች አሏቸው፣ አንተ ደሴ ላይ ማን ጋ ትወስደዋለህ?

መሮ ሁለት ይበቃሃል፣ 9 እና 24 ሚሊ ሜትር። ኖሚ ነው ስሙ። እጀታው አናት ላይ የብረት ቀለበት አለ። አዲስ ሲሆን ብዙ ጊዜ በደንብ አልተቀመጠም፣ እዚያው እንዲያስተካክሉልህ ለምናቸው። እንጨት ለመፈንቀል እንዳትጠቀምበት አደራ፣ ጫፉ ይሸረፋል።

አሁን እንቅልፍ ያሳጣህ መላጊያ። ካንና። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚህ ጉዞ አትግዛው። ብሎን የለውም፣ ምላጩ የሚስተካከለው በመዶሻ ብቻ ነው፤ ምላጩን ስትመታ ይወርዳል፣ የእንጨቱን አካል ከኋላ ስትመታ ይመለሳል። ያ አካል ደግሞ ኦክ ከሚሉት ጠንካራ እንጨት ነውና ከአየሩ ጋር ያብጣል፣ ይኮማተራል። ከቶኪዮ እርጥበት አውጥተህ የደሴ በጋ ላይ ስታሳርፈው ሆዱ ይጣመማል፤ እንደገና መፋቅና ማስተካከል አለብህ፣ ያውም ምላጩን በደንብ መሳል ከቻልክ በኋላ። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ድንጋዩን አንድ ዓመት ልመድ፣ ከዚያ ሰው ሲሄድ ታስመጣለህ። አብሽር፣ የትም አይሄድም። ሱቁ ውስጥ ግን አሳዩኝ በል። እኔን ሲያሳዩኝ የወጣውን ፍቅፋቂ ጋዜጣ ላይ ጣል አደረጉት፣ የጋዜጣው ፊደል በፍቅፋቂው ውስጥ አልፎ ይታይ ነበር።

ስትገባ ሳታስፈቅድ ምንም አታንሳ፣ ስለቱንም በጣትህ አትንካ፣ የእጅ ላብ እንኳን ያዝገዋል። የምትሠራበትን እንጨት በስልክህ ፎቶ ይዘህ ሂድ፣ ቋንቋ ባይኖርህም ያግባባል። የኤሌክትሪክ ዕቃ አያጓጓህ፣ የነሱ መብራት 100 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ስለት ያለውን ሁሉ አውሮፕላን ላይ በእጅህ እንዳትይዝ፣ ወደሚጫነው ሻንጣ አስገባው። ሥልጠናው ወደ ኮቤ የሚወስድህ ከሆነ ደግሞ ሺን ኮቤ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ታኬናካ የአናጺ መሣሪያዎች ሙዚየም አለ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። እሱ እንዳያመልጥህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ከቴክኒክና ሙያ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አጎቴ የጃፓን መጋዝ አመጣልኝ። በመጀመሪያው ቀን ወይራ ስቆርጥ አራት ጥርስ ረገፈ። በሞረድ ልሳለው ብል ሞረዱ ይንሸራተታል። አጭበርብረውት ይሆን?
ሰ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አላጭበረበሩትም እህቴ። የጥርሱን ጫፍ ፀሐይ ላይ እዪው። ጠቆር፣ ሰማያዊ ቢጤ ከሆነ ጫፉን ብቻ በቅጽበት አግለው ያጠነከሩት ነው። ሞረድ አይነክሰውም፣ ሲያረጅ ምላጩ ይቀየራል እንጂ አይሳልም።

የረገፈብሽ በወይራው ነው። ያ ጥርስ በአብዛኛው የተሠራው ሱጊና ሂኖኪ ለሚሏቸው ለስላሳ እንጨቶቻቸው ነው። ጽድና ዝግባ ላይ ሞክሪው፣ ልዩነቱን ታያለሽ። ወይራን፣ ጉጥ ያለውን ደረቅ ባህር ዛፍንም በለመድሽው መጋዝ ቁረጪ። ምናልባት እጅሽ ለምዶ ስትገፊም ተጭነሽው ይሆናል። ስትስቢ ብቻ ነው ቀለል አድርገሽ የምትጫኚው፣ ሲመለስ ዝም ብለሽ ልቀቂው፣ የምላጩንም ሙሉ ርዝመት ተጠቀሚ።

የረገፉት ጥርሶች ተራርቀው ከሆነ አሁንም ይሠራል። ተከታትለው ከሆነ ግን እየነጠቀ ያስቸግርሻል፣ ምላጭ ቀይሪ። አጎትሽ ተመልሶ የሚሄድ ከሆነ ምላጩ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር፣ ከእጀታው ጋር የሚያያዝበትንም ጫፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፤ የአንዱ ምላጭ ከሌላው እጀታ ጋር ላይገጥም ይችላል።