ከሶኬቱ እንጀምር፦ ትልቅ ዴስክቶፕ ለማስገጣጠም ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ጀማው! ባለፈው ሳምንት «ዴስክቶፕ ለማስገጣጠም ያሰበ ካለ ይጠይቀኝ» ብዬ ነበር። ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም፣ ከሐይቅም ብዙ ጥያቄ መጣ። ስራዬ ደሴ ላይ ኮምፒውተር መገጣጠምና መጠገን ነው፤ የምመልስላችሁም እጄ ላይ ካየሁት ተነስቼ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፦ ሁላችሁም ማለት ይቻላል የጀመራችሁት ከግራፊክስ ካርዱ ነው። እኔ የምጀምረው ከግድግዳው ሶኬት ነው። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሰራው። ላፕቶፔ ፎርኬ ሲሆን ይንቀራፈፋል። ብር አጠራቅሜያለሁ፣ አርቲኤክስ 5090 ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። 5090 ማለት 32 ጊጋ ቪራም (የካርዱ የራሱ ሚሞሪ) ያለው፣ ብቻውን እስከ 575 ዋት የሚበላ ካርድ ነው። እሱን ከገዛህ ፓወር ሰፕላዩም (መብራቱን ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው)፣ ኬዙም (ሳጥኑ)፣ ዩፒኤሱም (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) አብሮት ማደግ አለበት። ለአንተ ስራ 5070 ቲአይ ይበቃሃል፤ 16 ጊጋ ቪራም አለው፣ 300 ዋት ነው።

ያልጠየቅከኝ ግን ዋናው ነገር ካሜራህ ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች 10 ቢት 4፡2፡2 የሚባል ፋይል ይቀርጻሉ። ከ50 ተከታታይ (እነ 5070ና 5090) በፊት የወጡት የኤንቪዲያ ካርዶች ይህን ፋይል ራሳቸው መፍታት አይችሉም። ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ታይምላይኑ መቆራረጥ ይጀምራል። የ50 ተከታታዮቹ ይፈቱታል። ስለዚህ ካሜራህ እንዲህ የሚቀርጽ ከሆነ ያገለገለ 4090 በጥሩ ዋጋ አገኘሁ ብለህ እንዳትቸኩል።

የተረፈህን ብር ማስቀመጫ ላይ አውለው። አንድ 2 ቴራ ኤንቪኤምኢ የሚባል ፈጣን ዲስክ ለስራ፣ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ለማኖሪያ፣ ሌላ እሱን የሚያክል ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከስቱዲዮህ ውጭ፣ ቤትህ። የሰው ሰርግ ሁለተኛ አይቀረጽም። ኤንቪኤምኢው ጄን 4 (አራተኛ ትውልድ) ከሆነ በሰከንድ እስከ 7 ጊጋባይት ገደማ ያነባል፣ ጄን 5 እስከ 14። ኤዲቲንግ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይህም፣ ጄን 5 ደግሞ ይግላል። ጄን 4 ግዛና ብሩን ለሁለተኛው ሃርድ ዲስክ አድርገው።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ አዲስ ያስገጣጠምኩት ኮምፒውተር ኬዙን ስነካው ይነዝረኛል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ኮምፒውተርሽ አልተበላሸም። ቤትሽ ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የለውም። ይሄ ጥያቄ ከአራት ሰው ስለመጣልኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የመብራቱን ረብሻ የሚያጣሩ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። አንዱ እግራቸው መስመሩ ላይ ነው፣ ሌላው ከኬዙ ብረት ጋር ተያይዟል። የሚያጣሩትን ወደ መሬት ሽቦው እንዲልኩት ነው የተሰሩት። መሬት ሽቦው ከሌለ መሄጃ ያጣው ኤሌክትሪክ ኬዙ ላይ ይቀራል። በመለኪያ ስትለኪው የ220ው ግማሽ፣ 110 ቮልት ገደማ ያሳይሻል። ቮልቱ ብዙ ቢመስልም የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ ሰው አይጥልም። ነገር ግን በባዶ እግርሽ ሲሚንቶ ላይ ቆመሽ ራም ልትነቅይ ስትነኪው፣ ወይም ኤችዲኤምአይ ገመድ ሲሰካ፣ ያ ኤሌክትሪክ በዕቃው በኩል ያልፋል። የተቃጠለ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ የመጣልኝ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ኤሌክትሪሻን ጠርቶ የመዳብ ዘንግ እርጥብ መሬት ውስጥ ማስቀበርና ሽቦውን እስከ ሶኬቱ ማምጣት ነው። ሶኬቱም ጎንና ጎኑ ላይ የብረት ምላስ ያለው ይሁን። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ዲቫይደር መሃል ከገባ ግን ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ኧርዙን ከውሃ ቧንቧ ጋር የሚያስሩም አይቻለሁ። ይሄን አታድርጉ፤ ቧንቧው መሃል ላይ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ገላውን የሚታጠበውን ሰው ነው የሚነዝረው።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ 1000 ዋት ፓወር ሰፕላይ ብገዛ ቆጣሪዬን አይጨርሰውም?

መልስ፦ አይጨርሰውም። 1000 ዋት ማለት መስጠት የሚችለው ጣሪያ ነው። ኮምፒውተሩ 90 ዋት ከፈለገ 90 ዋትና ትንሽ ብክነት ነው የሚስበው። እንዲያውም ጎልድ የሚል ደረጃ ያለው ፓወር ሰፕላይ በግማሽ ጭነት ሲሰራ ከሚስበው 100 ዋት 90 ያህሉን ለዕቃው ያደርሳል። ርካሹ ግን ከዚህ የበለጠውን ወደ ሙቀት ይቀይራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ አርቲኤክስ 5080 360 ዋት፣ ራይዘን 9 9950ኤክስ የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ሲጨናነቅ 230 ዋት ገደማ፣ ለቀሪው ዕቃ 80 ዋት። 670 ሆነ። 850 ዋት ግዛ፣ ኤንቪዲያም የሚመክረው እሱን ነው። ለ5090 ግን ከ1000 እንዳትወርድ፣ ከቻልክ 1200። ሳጥኑ ላይ «ኤቲኤክስ 3.1» የሚል ፈልግ፤ ለአዲሶቹ ካርዶች የሚሆነው ገመድ ከፋብሪካ አብሮት ይመጣል። ያንን ገመድ ስትሰካ እስከ መጨረሻው ግፋው፣ ክፍተት አይታይ። በደንብ ሳይገባ ቀርቶ የቀለጠ በዓለም ሁሉ ታይቷል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ ዩፒኤስ ግድ ነው? ያለኝ 650 ቪኤ ነው።

መልስ፦ ግድ ነው። ያለህ ግን አይበቃም። ቪኤ እና ዋት አንድ አይደሉም። 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። ዴስክቶፑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይችለዋል። ሬንደር (የተሰራውን ቪዲዮ አስልቶ ማውጣት) ጀምረህ እያለ መብራት ቢሄድ ግን ጢጥ ይልና ይዞት ይጠፋል። 5070 ቲአይ ላለው ኮምፒውተር 1500 ቪኤ፣ ማለትም 900 ዋት ገደማ የሚሸከም ውሰድ። ሳጥኑ ላይ «ፑር ሳይን ዌቭ» (እንደ ግድግዳው መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) የሚል ቢሆን ሸጋ ነው። አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች የርካሽ ዩፒኤስን ሞገድ አይቀበሉትም፣ መብራት በሄደ ቅጽበት ዩፒኤሱ እየሰራም ኮምፒውተሩ ይጠፋል።

ሰው ቮልቴጅ መውረዱን ይፈራል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ይሰራል፣ መውረዱ ብዙም አይጎዳውም። የሚገድለው ሄዶ ሲመጣ ነው። የራሴን የመጀመሪያ ዴስክቶፕ ያጣሁት እንደዚያ ነው። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ነበረው። ማታ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ፣ ሲመለስ ከኋላው «ጧ» አለና ሽታው ቤቱን ሞላው። ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር፣ ማዘርቦርዱንና ዲስኩንም ይዞ ነው የሄደው። ዲስኩ ላይ የእናቴ ፎቶዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው መጥቶ «ከፓወር ሰፕላዩ ቀንስልኝና ካርዱን ከፍ አድርግልኝ» ቢለኝ አልገጥምለትም።

ለዩፒኤስ ብር እስክታገኝ ድረስ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቅና ሰካ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ እዚህ ይሞቃል፣ አቧራውም አይጣል ነው። በውሃ ይሻላል ወይስ በአየር? ደሴ ያለው ጓደኛዬ «እኛ ጋ ብርድ ስለሆነ ትንሽ ፋን ይበቃል» ይለኛል።

መልስ፦ ጓደኛህ የብርዱን አስቦ የከፍታውን ረስቷል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ባህር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት አንድ እጁ ጎድሎታል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ስለሚቀል ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ የሚሰጠንን ከፍታው መልሶ ይወስድብናል። እናንተ ኮምቦልቻዎች ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ አየሩ ወፈር ቢልም ይሞቃል። ሁለታችሁም የሚያስፈልጋችሁ ኩለር ፋብሪካው «ይበቃል» ከሚለው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው።

ውሃ የሚባለውም መጨረሻ ላይ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ውሃው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል እንጂ አያጠፋውም። ፓምፑ ከቆመ ደግሞ እዚህ መለዋወጫ የለህም። የአየሩ ላይ የሚበላሸው ፋኑ ብቻ ነው፣ 12 ሴንቲ ፋን የትም ታገኛለህ። ለራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ባለ ሁለት ማማ የአየር ኩለር ከበቂ በላይ ነው። ባለ 16 ኮር ፕሮሰሰር ገዝተህ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር የምታደርግ ከሆነ ብቻ ባለ 360 ሚሊ ሜትር ራዲያተር የውሃ ኩለር አስብ።

ለአቧራው ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ማጣሪያው ተነቅሎ የሚታጠብ ኬዝ ግዛ። መስታወት የተደፈነበት ያምራል ግን ያፍናል። አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ይብለጡ፤ ያኔ አየሩ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ይገፋል፣ አቧራው የሚገባው በማጣሪያው በኩል ብቻ ይሆናል። በወር አንዴ አጽዳው። በንፋስ ስታጸዳ የፋኑን ክንፍ በጣትህ ያዝ፣ በነፋስ ከተሽከረከረ ይጎዳል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ኢንቴል ወይስ ኤኤምዲ? የ13ኛ ትውልድ ኮር አይ9 ያገለገለ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ።

መልስ፦ እሱን ተወው። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ከፍተኛዎቹ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም ሁለት ዓመት ጨመረ። ማስተካከያው ግን ቀድሞ የተጎዳውን አያድነውም፣ የተጎዳ መሆኑን ደግሞ በዓይን አታውቀውም። ዛሬ ከባዶ የምትጀምር ከሆነ የኤኤምዲን ኤኤም5 (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፕሮሰሰር መሰኪያ ዓይነት) እመርጣለሁ። ማዘርቦርዱን ሳትቀይር ወደፊት ፕሮሰሰር ብቻ መለወጥ ትችላለህ። ከእኛ ርቀት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለጌም 9800ኤክስ3ዲ፣ ለሬንደር 9950ኤክስ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ራም አራት ፍሬ ልሙላው?

መልስ፦ አይ፣ ሁለት። ዲዲአር5 የሚባለው የአሁኑ ራም አራት ሲሆን ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል፣ አንዳንዴም አይነሳም። 64 ጊጋ ከፈለግህ ሁለት 32፣ 96 ከፈለግህ ሁለት 48። 6000 ፍጥነት ያለውን ያዝ። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተህ ኤክስፖ የሚለውን አብራው፣ አለዚያ ለ6000 ከፍለህ በ4800 ነው የምትሰራው። ይሄን ሳያበሩ ዓመት የቆዩ አሉ።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ የኤአይ ሞዴል ቤቴ ማሰራት እፈልጋለሁ፣ በአማርኛ ዳታ ላሰለጥነውም አስቤያለሁ። ፕሮሰሰሩ ነው ካርዱ ዋናው?

መልስ፦ ማሻአላህ፣ ይሄን ጥያቄ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ካርዱ ነው፣ ከካርዱም ቪራሙ። ባለ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር ሞዴል በ16 ቢት ሲጫን 16 ጊጋ ይይዛል፣ ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ 5 ጊጋ ገደማ። ስለዚህ 16 ጊጋ ካርድ ላይ የተጨመቀውን በደንብ ታሰራዋለህ፣ ሎራ በሚባለው፣ ሞዴሉን በሙሉ ሳይሆን ትንሽ ክፍል ብቻ በሚያሰለጥነው ዘዴም ማሰልጠን ትችላለህ። ባለ 70 ቢሊዮኑ ሲጨመቅም ወደ 40 ጊጋ ይጠጋል፣ 5090ም አይበቃውም። ለሰርግ ቪዲዮ ሰሪው ጓደኛችን አትግዛ ያልኩት 5090 ለአንተ ግን ትርጉም አለው። ብርህ ካልደረሰ ባለ 24 ጊጋ ያገለገለ 3090 ፈልግ። ኤንቪዲያ ይሁን፤ አብዛኛው የኤአይ ሶፍትዌር የተጻፈው ለኩዳ፣ ማለትም በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ብቻ ለሚሰራው መድረክ ነው።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ያገለገለ ወይም ፎርጅድ እንዳልሸወድ ምን ልይ?

መልስ፦ ብር ሳትሰጥ ሰክተህ እይ። ካርድ ከሆነ ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈትና ስሙን፣ ቪራሙን አመሳክር፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም አስኪድ። ኤስኤስዲ ከሆነ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሰራ እይ። «2 ቴራ» ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጠውን እስከ አፉ ሞልተህ መልሰህ አንብበው። ሻጩ «አይሰካም» ካለህ ሂድ።

ጥያቄ (እናት ናቸው፣ ደሴ)፦ ልጄ አዲስ አበባ አስገጣጥሞ በአውቶብስ ሊልክልኝ ነው። ይደርሳል?

መልስ፦ እትዬ፣ ይደርሳል፣ ግን ካርዱን ነቅሎ ለብቻው በሳጥኑ ይላክ ብለው ይንገሩት። ትልቁንም የአየር ኩለር እንዲሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠመዝማዛውን ያውቁታል። ከባድ ካርድ ተሰክቶ ሲመጣ በየጉድጓዱ እየተንጠለጠለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን መሰኪያ ይሰብረዋል። ሁለት እንደዚያ ሆነው መጥተውልኛል፣ አንዱን ማትረፍ አልቻልኩም። ሲደርስ ያምጡልኝ፣ መልሼ እሰካዋለሁ፤ ለዚህ ሂሳብ አልቀበልም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ትናንት ራሴ ገጣጠምኩት። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አበቃልኝ?

መልስ፦ አላበቃልህም። መጀመሪያ የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ መሰካቱን እይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ልክ ከሆነ ምንም አትንካ። ኤኤም5 መጀመሪያ ሲነሳ ራሙን ይፈትሻል፣ ደቂቃዎች ይወስድበታል፣ እስከዚያ ስክሪኑ ምንም አያሳይም። ብዙ ሰው በዚህ መሃል ደንግጦ ያጠፋዋል፣ ሲያበራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አብራውና ሩብ ሰዓት ተወው። ካልመጣ አንዱን ራም ነቅለህ ሌላውን ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛው የራም መሰኪያ ላይ ሰክተህ ሞክር፣ እንቢ ካለ ማዘርቦርዱ ላይ የትኛዋ ትንሽ መብራት በርታ እንደቀረች ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።