ከግሱ ቀጥላ ያለችውን ቃል ተመልከቱ

ውድ ወጣቶች፣

ብዙዎቻችሁ እንግሊዝኛን የተማራችሁት ከመጽሐፍ ነው። ስለዚህ «ቶለሬት» (መታገስ)፣ «ፖስትፖን» (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ)፣ «ኢንቨስቲጌት» (መመርመር) የሚሉትን ቃላት ጠንቅቃችሁ ታውቃላችሁ፤ ረጅም ቃል አያስደነግጣችሁም። የምትቸገሩት ባለ ቋንቋዎቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ነው። እነሱ ያንኑ ለማለት «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ፑት ኦፍ»፣ «ሉክ ኢንቱ» ይላሉ። እያንዳንዱን ቃል ለየብቻው ድሮ ለምዳችሁታል፤ አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን ምን እንደተባለ ይጠፋችኋል።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በትርጉምና በአስተርጓሚነት ሥራ ነው። በዚህ ሥራ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው የማያውቀው ቃል ሲመጣበት ይጠይቃል፤ የሚያውቀው የመሰለው ቃል ሲመጣ ግን አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። ጥፋቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ፍሬዛል ቨርብ ላይ ጊዜያችሁን እንድታጠፉ የምመክራችሁም ለዚህ ነው።

ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው አንድ ግስና እንደ «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «ኦን» ያለች ትንሽ ቃል ተጣምረው የራሳቸው የሆነ ትርጉም ሲያወጡ ነው። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ መቁረጥ ወይም ልማድን እርግፍ አድርጎ መተው ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚሉትን አስቡ። ግሱ አንድ ነው፤ ፍርዱን የገለበጡት «ለ» እና «በ» ናቸው። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ ከግሱ ቀጥለው ለሚመጡት ትንንሽ ቃላት ሰጥቷል። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ ኢንቱ» ጉዳይን መመርመር፣ «ሉክ ዳውን ኦን» ሰውን መናቅ ነው። «ሉክ» የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው ገና ምንም አልሰማም።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። ለሰኞ የተያዘ ስብሰባ አለ እንበል። «ዊ ሃቭ ፑት ኢት ኦፍ» ከተባላችሁ ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። «ዊ ሃቭ ኮልድ ኢት ኦፍ» ከተባላችሁ ጭራሹን ቀርቷል። «ዊ ሃቭ ብሮት ኢት ፎርዋርድ» ከተባላችሁስ? እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ አብዝቶ ይጠንቀቅ። «ፎርዋርድ» ወደፊት ነው፤ ለእኛ ደግሞ «ወደፊት» ገና የሚመጣው ጊዜ ስለሆነ ስብሰባው የተገፋ ይመስለናል። ትርጉሙ ግን ተቃራኒው ነው፦ ስብሰባው ቀደም እንዲል ተደርጓል። የሰኞው ወደ ዓርብ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ የሚመጣ ሰው የሚደርሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። መገፋቱን የሚናገረው «ፑት ባክ» ነው። ቀጠሮ፣ ውልና የማስረከቢያ ቀን በእንዲህ ያሉ አባባሎች ላይ ስለሚቆሙ፣ እነዚህን አራቱን ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድማችሁ እንድትይዙ እለምናችኋለሁ።

ሌላው ፈተና አንዱ ፍሬዛል ቨርብ ብዙ ትርጉም መያዙ ነው። «ዘ ላይት ዌንት ኦፍ» ሲባል መብራቱ ጠፋ። «ዚ አላርም ዌንት ኦፍ» ሲባል ግን ደወሉ ጮኸ። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ዘ ሚልክ ሃዝ ጎን ኦፍ» ከተባለ ወተቱ ተበላሽቷል፤ ያው አባባል ስለ ቦምብ ከተነገረ ቦምቡ ፈንድቷል። አንዱን ነገር ዝም የሚያሰኘው አባባል ሌላውን ያስጮኸዋል። ትርጉሙን የሚወስነው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። ስለዚህ በደብተር ላይ «ጎ ኦፍ» ብሎ ጽፎ፣ አጠገቡ አንድ የአማርኛ ፍቺ አስቀምጦ መሸምደድ ለእኔ ከንቱ ድካም ነው። ረጃጅም ዝርዝር ይዘው የሚሸመድዱ ትጉ ልጆች አይቻለሁ፤ ትጋታቸው ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ በንግግር መሃል አይደርስላቸውም። ያነበባችሁትን ወይም የሰማችሁትን ዓረፍተ ነገር ከነባለቤቱ፣ ከነተሳቢው ሙሉውን ጻፉት። በቀን ሁለትም ቢሆን ይበቃል።

ትንንሾቹ ቃላት ጨርሶ መላ የላቸውም ማለት ግን አይደለም። «አፕ» ብዙ ጊዜ ድርጊቱ እስከ መጨረሻው መፈጸሙን ትናገራለች፦ «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ መብላት፣ «ዩዝ አፕ» አሟጦ መጨረስ፣ «ፊል አፕ» ሙልት ማድረግ ነው። እኛ «ጥርግ» እና «ሙልት» በምንላቸው ቃላት የምንገልጸውን እነሱ በ«አፕ» ይገልጹታል። «ኦን» መቀጠልን ታመለክታለች፤ «ካሪ ኦን»፣ «ኪፕ ኦን» ይላሉ። «ኦፍ» ደግሞ መለያየት ወይም መቋረጥ አለባት፦ «ካት ኦፍ» ቆርጦ መለየት፣ «ቴክ ኦፍ» ልብስ ማውለቅም አውሮፕላን ከመሬት መነሳትም ነው። ይህን ማወቅ ያልሰማችሁትን አባባል ለመገመት ይረዳችኋል። ግምት ግን ግምት ነው። ቅጽ መሙላትን ብሪታንያውያን ብዙውን ጊዜ «ፊል ኢን» ሲሉት አሜሪካውያን «ፊል አውት» ይሉታል፤ «ውስጥ» እና «ውጭ» አንድ ሥራ ሲሠሩ ታያላችሁ።

ከሰዋስው በኩል አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» እና «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን መሃል መግባቱ ግድ ነው፤ «ተርን ኢት ኦፍ» እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። በሌላ በኩል «ሉክ አፍተር» አይከፈልም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» ነው የሚባለው። የትኛው እንደሚከፈል ለማወቅ ጆሮ ከሕግ ይበልጣል። በ«ተርን ኢት ኦፍ» ላይ ድምፁ የሚጠብቀው «ኦፍ» ላይ ነው፤ በማይከፈለው በ«ሉክ ፎር ሂም» ላይ ግን «ሉክ» ላይ ነው። ደጋግማችሁ ስትሰሙ ልዩነቱን ትለዩታላችሁ።

ፍሬዛል ቨርብ የመንገድ ቋንቋ ነው፣ የተማረ ሰው አይጠቀምበትም የሚሉ አሉ። ይህን አትቀበሉ። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ ለረጅም ጊዜ በፈረንሳይኛ ሲሠሩ፣ ሊቃውንቱ ደግሞ በላቲን ይጽፉ ነበር። ከእነዚያ ቋንቋዎች የገቡት ቃላት ክብር ያለው ወንበር ያዙ፤ አጫጭሮቹ የቆዩ ግሦች ሕዝቡ አንደበት ላይ ቀሩ። «ፖስትፖን» እና «ፑት ኦፍ» ጎን ለጎን የሚኖሩት ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ለውጭ ሰዎች ትልቁን ችግር የሚፈጥረው ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ሲጣመር መሆኑን ጠቅሶ፣ እነዚህን በከፍተኛ ጥንቃቄ እንደመዘገበ ጽፏል። የቋንቋው ታላቅ ሊቅ እንዲህ የደከመበትን ነገር እናንተም በክብር ያዙት።

ቦታውን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ለጓደኛ «አይ ካንት ፑት አፕ ዊዝ ዘ ኖይዝ» በሉ፤ «ቶለሬት» ብትሉት ስህተት ባይሆንም ንግግራችሁ ከወረቀት ላይ የሚነበብ ይመስላል። ለጥናት ጽሑፍ፣ ለማመልከቻ ወይም ለውል ከሆነ ወደ «ቶለሬት» እና ወደ «ፖስትፖን» ተመለሱ፤ እዚያ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቃል ይሻላል። እንደ «ሎግ ኢን» እና «ሴት አፕ» ያሉትን ስትጽፉ ደግሞ ግስ ሲሆኑ ሁለት ቃል፣ ስም ሲሆኑ አንድ ቃል እንደሚሆኑ ልብ በሉ።

የምታነጋግሩት ሰውም እንደ እናንተ እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረ ከሆነ ረጅሙን ቃል መምረጥ አያሳፍርም፤ ብዙ ጊዜ በፍጥነት የሚያግባባው እሱ ነው። ባለ ቋንቋው በፍጥነት ሲናገር ካመለጣችሁም «አልገባኝም» ብላችሁ አታቁሙ፤ ያመለጠችውን ነጥብ ለይታችሁ ጠይቁ። ስለ ቀጠሮ ከሆነ «ዱ ዩ ሚን ኧርሊየር ኦር ሌተር?» ማለት ይበቃል፤ ቀደመ ወይስ ዘገየ ማለታችሁ ነው። ማንም ቅር አይለውም፣ መልሱም ወዲያው ይመጣል።