የዘጌውን ማሳ ለፓይለት ትምህርት አትሽጡ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ አናደደኝ። የተናደድኩት ግን በአንቺ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሎጂስቲክስ ተመራቂ ነሽ። አየር ኃይል ገብተሽ የጭነት አውሮፕላን ስምሪት ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ደግሞ «ጆንያ ልትቆጥሪ ነው? ካማረሽ ፓይለት ሁኚ» ብለው የዘጌውን የቡና ማሳ ሸጠው የግል በረራ ትምህርት ቤት ሊያስገቡሽ ነው።

ማሳው አይሸጥ። የበረራ ፈቃድ የቅጥር ደብዳቤ አይደለም። ማሳው ከሄደ ደግሞ አይመለስም።

«ጆንያ ቆጠራ» ላይ ግን ዝም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሶቪየቶች የምዕራብ በርሊንን መንገድ ሲዘጉ ምግቡም ከሰሉም በአየር ነው የገባው። ሥራውን መስመር ያስያዘው አሜሪካዊው ጄኔራል ዊልያም ተነር መሬት ላይ የሚባክነውን ሰዓት አየ። አብራሪዎቹ ጭነቱ እስኪራገፍ ሻይ ሊጠጡ ይሄዱ ነበር። ከአውሮፕላናችሁ አትራቁ አላቸው፤ መክሰሱንም የአየር ጠባይ መረጃውንም በመኪና እዚያው አስመጣላቸው። ማረፊያ ሲጠብ እዚያው በርሊን ውስጥ ቴገል ላይ አዲስ ማኮብኮቢያ በሦስት ወር ገደማ ተሠራ። ለበርሊን ቀረብ ያለው የፋስበርግ ጣቢያ ሲጨመር ደግሞ አውሮፕላኖቹ ቶሎ ቶሎ መመላለስ ቻሉ። በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ገባ።

አባትሽ ይህን አያጡትም። ቡናቸው በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ሲሻገር ቀኑን የሚበላው ሐይቁ ነው ወይስ ጭኖ ማራገፉ?

ሲ-130 የሚባለው ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን 20 ቶን ገደማ ይጭናል። ፎርክሊፍት ከሌለ፣ የነዳጅ ቦቴው ከዘገየ፣ ማቆሚያው ለሁለት ብቻ ከበቃ፣ ሦስተኛው አየር ላይ ይዞራል፤ አለዚያም ከመነሻው አይነሳም። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ በቀትር ሙቀት ለመነሳት ጭነት መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል። ስንት ይቀነስ፣ ነዳጁ የት ይሞላ የሚለውን የሚያሰላው ያ «ጆንያ ቆጣሪ» ነው።

ዛሬውኑ አየር ኃይል ተመዝገቢ ግን አልልሽም። መጀመሪያ ሲቪል ካርጎ ግቢ። እኔ ራሴ ከራምፕ፣ አውሮፕላን ቆሞ ከሚጫንበት ሜዳ ነው የጀመርኩት፤ ስለዚህ አዳልቼ ሊሆን ይችላል። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ አያወላዳም፤ የሌሊት ፈረቃውም ያንገላታል። ቢሆንም የክብደትና ሚዛን ስሌቱን፣ የአደገኛ ጭነት ደንቡን እዚያ በእጅሽ ትለምጃለሽ። ሁለቱም ወታደራዊ ጣቢያ ላይ ይፈለጋሉ።

ያሳሰበሽ እንግሊዝኛሽ ማኑዋል ስታነቢ ይስተካከላል። «ለሴት ይከብዳል» ላሉሽ አጎትሽ መልስ አታባክኚ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ግን ቀይሪው። «የወታደራዊ አየር ትራንስፖርት ማሻሻያ» በጣም ሰፊ ነው፤ የጦር መረጃም ማንም አይሰጥሽም። ይልቅ የእርዳታ እህል የጫኑ አውሮፕላኖች ተከታትለው ቢመጡ ባሕር ዳር ላይ በቀን ስንቱን ማራገፍ ይቻላል ብለሽ ጠይቂ። ፎርክሊፍቱንና ቦቴውን ከመቁጠር ጀምሪ። ፕሮፖዛሉን ሳታስገቢ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።