የመስታወት ጨርቅ ላይ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነው ያለሁት፣ ሥራዬ መስታወት ማጽዳት ነው፣ አዲስ ተሠርቶ ያለቀ ቤትም፣ ኮንዶሚኒየምም፣ መንገድ ዳር ያለ ሱቅም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሳሙናው ነው፣ እኔ ግን ካጸዳችሁ በኋላ መስታወቱ ላይ የሚቀረው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከጨርቁ ነው የሚመጣው ባይ ነኝ፣ ስለዚ ዛሬ ስለ ጨርቅ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ማይክሮፋይበር የሚባለው ሁሉ አንድ ነው እንዴ? መርካቶ በደርዘን ገዝቼ ውሃውን ከመምጠጥ ይልቅ ወዲያ ወዲህ ይገፋዋል።

መልስ፦ አንድ አይደለም ወንድሜ። ማይክሮፋይበር ፖሊስተርና ናይለን ነው፣ ብዙ ጊዜ 80 በ20 ነው፣ 70 በ30ም አለ። ክሩ ከመቅጠኑ የተነሳ 9,000 ሜትሩ 1 ግራም አይሞላም፣ ጥሩ ፋብሪካ ደግሞ ያንኑ ክር መልሶ ይሰነጥቀዋል፣ ውሃውንና ቅባቱን የሚይዘው እዛ ስንጥቅ መሃል ነው። ያልተሰነጠቀ ከሆነ ልክ እንዳልከው ይገፋል እንጂ አይመጥም። ስትገዛ በደረቅ መዳፍህ ዳሰስ አርገው፣ ቆዳህን ያዝ ያዝ ካደረገህ የተሰነጠቀ ነው፣ ሙልጭ ብሎ ከሄደ ተወው። ደሞ አዲስ ሲሆን ከፋብሪካ የቀረ ነገር ስላለበት ሳታጥበው አትፍረድበት። ለመስታወት ጸጉራሙን አትግዛ፣ ጠፍጣፋ ሽመና ያለውን ፈልግ፣ ማሸጊያው ላይ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሚል ካገኘህ ይበቃሃል፣ ያ ወፍራሙ የመኪና ነው።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ እናቴ ሁሌም በጋዜጣ ነው የምታጸዳው፣ እኔ ደግሞ አሮጌ ነጠላ አለኝ፣ ይሆናል?

መልስ፦ የእናትሽ ጋዜጣ ይሠራል፣ ችግሩ ቀለሙ ነጭ ፍሬም ላይ ይቀራል። ነጠላው ግን በጣም ጥሩ ነው! ብዙ የታጠበ ጥጥ ውሃ ይመጥማል፣ ክርም አይለቅም። ጥለቱን ቁረጪው እሱ ውሃ አይጠጣም፣ ዳሩን አጥፈሽ ስፊው፣ ሳሳ ስለሚል ደርበሽ ተጠቀሚ። እንግሊዝ ሀገር ባለሙያዎቹ ማይክሮፋይበር ከመምጣቱ በፊት ከተልባ ክር የሚሠራ ሳሳ ያለ ጨርቅ ነበር የሚይዙት፣ አሜሪካኖቹ ደሞ የኦፕራሲዮን ክፍል የጥጥ ፎጣ ይወዳሉ፣ ዛሬም የማይለቁት አሉ፣ ሁለቱም የሚወደዱት ብዙ ከታጠቡ በኋላ ነው። ስለዚ አሮጌ ጥጥ መጠቀም የድህነት ነገር አይደለም።

ጥያቄ (እዛው ከጀሞ)፦ የሳልቫጅ ካናቴራስ?

መልስ፦ ጥጥ ከሆነ አዎ። ካልታወቀሽ ከጨርቁ ከራሱ (ከስፌቱ አይደለም፣ የስፌት ክር ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው) አንድ ክር መዘሽ በክብሪት አቃጥይው፣ ወረቀት ወረቀት ሸቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ቀልጦ ጠጠር ከሆነ ፖሊስተር ነው፣ ውሃውን ብቻ ነው የሚያዞረው።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ)፦ እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ጨርቆቹን እንዴት ነው የማጥባቸው? በኦሞ አጥቤም አሁንም መስመር ይተዋሉ።

መልስ፦ ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው እህቴ። መጀመሪያ ደረቅ እያሉ ደጅ አራግፊያቸው፣ በእጅሽ የወጣ አቧራ ውሃ አይፈጅብሽም። ከዛ የፍሬሙንና የመስኮቱን ደፍ የጠረግሽበትን ለብቻ፣ የመስታወቱን ለብቻ፣ ማይክሮፋይበሩንም ከጥጡ ለይተሽ፣ ምክንያቱም የጥጥ ብናኝ ማይክሮፋይበር ላይ ከገባ ሲወጣ የሚወጣው መስታወቱ ላይ ነው። ሳሙና ትንሽ! ሰው የሚሳሳተው እዚ ነው፣ ውሃ አጥሮት ኦሞውን ያበዛና ማለቅለቂያ ያጣል፣ ጨርቁ ውስጥ የቀረው ሳሙና ነው ያን መስመር የሚሠራው። ውሃሽ ትንሽ ከሆነ ሩቡን ለማጠብ፣ የቀረውን ለማለቅለቅ አድርጊው፣ ስትጨምቂው አረፋ እስካይኖር ድረስ። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ትንሽ አቼቶ ጠብ ማድረግ የቀረውን ሳሙና ያወጣል። ግን በረኪና በነካ ሳፋ ውስጥ አቼቶ በፍጹም እንዳታደርጊ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ማለስለሻ የሚባለውን ባለ ሽታ ፈሳሽም ተዪው፣ ክሩን እንደ ቅባት ይሸፍነዋል፣ ከዛ በኋላ ውሃ አይመጥም። በረኪናም ለማይክሮፋይበር አይሆንም፣ ናይለኑን ይበላዋል።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ቀቅዬ ባጥበውስ? ጥቁር ቆሻሻ አልለቅ ብሎኛል።

መልስ፦ ጥጡን ቀቅለው፣ ደስ ይለዋል። ማይክሮፋይበሩን ግን እንዳትሞክረው፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ፖሊስተር ደሞ ከ70 እና 80 ጀምሮ ይለሰልሳል፣ ከ60 አትለፍ። ካውያም አታስነካው። ጥቁሩ ካልለቀቀ በፈሳሽ ሳሙና ዘፍዝፈህ አሳድረው።

ጥያቄ (ከአያት፣ ሌላ ሰው)፦ አዲስ ቤት ነው የምንገባው፣ መስታወቱ ሲሚንቶና ቀለም ተረጭቶበታል፣ ሠራተኛው በጨርቅ አሽቶ ቧጨረብን።

መልስ፦ ያሳዝናል። የቧጨረው ጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ ውስጥ የገባው አሸዋ ነው። አዲስ ቤት ላይ፣ በተለይ ገና ያልተነጠፈ መንገድ አጠገብ፣ ደረቅ ጨርቅ መጀመሪያ መስታወት መንካት የለበትም። ብዙ ውሃ አርከፍክፋችሁ አቧራውን አውርዱት፣ ከዛ በሳሙና ውሃ በስፖንጅ፣ ከዛ በመጥረጊያ ጎማው ሳቡት፣ ጨርቅ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ዳርና ዳሩን ለማድረቅ ብቻ ነው። ጨርቁን ሁለቴ እጠፉት፣ ስምንት ፊት ይሰጣችኋል፣ አንዱ ሲቆሽሽ ገልብጡ። መሬት ላይ የወደቀ ጨርቅ ደግሞ እስኪታጠብ ድረስ ወደ መስታወት አይመለስም፣ እኔ ጋ የሚሠሩ ልጆች ላይ በዚ ጉዳይ ድርድር የለኝም። የደረቀውን ሲሚንቶ በጨርቅ ፈትጋችሁ አታወጡትም፣ የሚያንጸባርቅ መስታወት ከሆነ ምላጭም እንዳታስነኩት፣ ሽፋኑ በውጪ በኩል ሊሆን ይችላልና ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

ጥያቄ፦ ፊልም የተለጠፈበት መስታወትስ?

መልስ፦ ለስላሳ ማይክሮፋይበር፣ ትንሽ ሳሙና። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ፊልሙን ያበላሻል።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ ልጄ፣ ምንም ባደርግ ነጫጭ ነጠብጣብ ይቀራል፣ ጨርቁ ነው?

መልስ፦ አይደለም እማማ፣ ውሃው ነው። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን አለው፣ መስታወቱ ላይ ራሱ ሲደርቅ ነጩን ትቶ ይሄዳል። ፀሐይ ሲመታው አያጽዱ፣ ጠዋት ያድርጉት፣ ውሃው ሳይደርቅ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። የቆየው ነጠብጣብ በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ትንሽ ከቆየበት ይለቃል፣ ከዛ በውሃ ያለቅልቁት።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ)፦ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ የውጪውን በኩል ጨርቁ አይደርስልኝም።

መልስ፦ በእጅ አትድረሺበት፣ ደፍ ላይ ወጥቶ መንጠልጠል የለም። ረጅም እጀታ ያለው ጎማ ግዢ፣ ጨርቁን ጫፉ ላይ ጠምጥመሽ ዳሩን ታደርቂበታለሽ። እሱም ካልደረሰ ይቅር፣ ወይ ባለሙያ ጥሪ።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ክረምት ላይ ይሸትብኛል፣ በጋ ደሞ ደጅ ሳሰጣው አቧራ ይጠጣል።

መልስ፦ ሽታው እርጥብ እያለ ፌስታል ውስጥ ስለሚያድር ነው። ከሥራ እንደተመለስክ አውጣው፣ ያን ቀን ባታጥበውም ዘርጋው። በጋ ላይ ቤት ውስጥ ወይ መንገድ በማይታይበት በረንዳ በኩል አስጣው፣ ማይክሮፋይበር ቶሎ ይደርቃል ፀሐይ የግድ አይፈልግም፣ በደንብ ሲደርቅ ነው ክዳን ባለው ዕቃ የምትከተው።

ጥያቄ፦ መቼ ነው የሚጣለው?

መልስ፦ ታጥቦ ደርቆ ውሃ ካልመጠጠ ወይ ሲዳሰስ ደረቅ ደረቅ ካለ ከመስታወት ይውረድ። ጥግ ላይ ቆርጠህ ምልክት አድርግበትና ወደ ፍሬም፣ ከፍሬም ወደ ወለል። ምልክቱን አትርሳ፣ ከታጠበ በኋላ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው።

መሽቷል፣ የቀረውን ጥያቄ ነገ ማታ እመልሳለሁ።