«ልጄ አስራበችኝ» የሚሉ እናት

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እናቴን የመርሳት በሽታ ይዟታል። ቁርሷን በልታ ገና እጇን ሳትታጠብ «አልበላሁም» ትላለች። ቡና ለመጡ ጎረቤቶች «ልጄ አስራበችኝ» ስትል በኀፍረት እሞታለሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ይህንኑ በስልክ ሰምቶ ተቆጣኝ። በጾም ጠዋት ምግብ ስትጠይቀኝ ልስጣት? አንዳንዴም ትዕግሥቴ አልቆ እጮኽባታለሁ። ካስቀደስኩም ቆይቻለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ አብሽሪ። ከቀላሉ ልጀምር፤ ስጪያቸው። ፍትሐ ነገሥት ጾምን ሲያዝ ሕመምተኛን ለይቶ ያወጣል። ለንስሐ አባታችሁ አንዴ ንገሪና ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አትጨነቂ።

«በልተሻል እኮ!» ብሎ መከራከር ግን ትርፉ ድካም ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ትዝታ ነው። በልጅነታቸው ግሸን የወጡበትን ቀን አሳምረው ይነግሩሻል፤ የዛሬው ቁርስ ግን የለም። ስለዚህ ስምሽን እያጠፉ አይደለም፤ የሚሰማቸውን ነው የሚናገሩት። ትንሽ ቁራሽ ስጪያቸው፣ ወይም ወሬ ቀይሪ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 3 አባት አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጁ እንዲታገሠው ያዛል። መቼም ጸሐፊው ቤቱ ሽማግሌ ሳይኖር አልቀረም!

መጮኽሽን ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው ይቆጣል፤ የሚያግዝሽ ሰው ያስፈልግሻል።

የቀረውን ለወንድምሽ አንብቢለት። ወንድሜ፣ ገንዘብ መላክህ መልካም ነው። በአምስት ደቂቃ ስልክ ግን አትፍረድ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ነገር የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። አንተም ና፣ አንድ ሳምንት እናትህ ዘንድ እደር። ሌሊት ሲነሡ አንተ ተነሣ። አንተ አብላቸውና «አስራበኝ» ይበሉህ። እሑድ እኅትህ ታስቀድስ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ለመምጣት ካሰብክም መጀመሪያ እናትህ ቤት ግባ። እሳቸውን ግን ወደዚያ ሕዝብ መሐል ይዘህ አትውጣ፤ የሰው ብዛትና ግርግር ይረብሻቸዋል። ጸበሉን ቤት አምጣላቸው፤ መድኃኒታቸውም አይቋረጥ።

እኅቴ፣ ለጎረቤቶችሽ በሽታውን ደብቀሽ አትኑሪ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ረከቦት በሚከብበት አገር፣ ገበያ ደርሰሽ እስክትመለሺ አብሯቸው የሚቀመጥ አይጠፋም። ለምኚያቸው።